የባሕር ዳር ሞገድና የእኛ ዝምታ

በቴል አቪቭ የባሕር ዳርቻ በሞገድ ላይ የሚንሸራተት ሰው ማለዳ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ አጭር ትንበያ ይመለከታል። ትንበያው ብዙውን ጊዜ ከአራት ቁጥሮች አይበልጥም። ለምሳሌ የሞገዱ ከፍታ 1 ሜትር፣ ዑደቱ 6 ሴኮንድ፣ አቅጣጫው ከምዕራብ፣ ነፋሱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከምሥራቅ ይላል። ለማያውቀው ሰው እነዚህ ቁጥሮች ደረቅ ናቸው። ለሚያውቀው ግን ከባሕሩ ማዶ የነፈሰው ነፋስ፣ የባሕሩ ወለል ቅርጽና በዕለቱ ውኃ ውስጥ የሚጠብቀው አደጋ ጭምር ይነበቡባቸዋል።

ሰርፊንግ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ስፖርት ወደዚያ ዳርቻ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ዶርያን ፓስኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የመንሸራተቻ ሰሌዳዎችን ይዞ ቴል አቪቭ በሄደ ጊዜ ነው። ዛሬ በዚያ ጠረፍ ከሚኖሩት መካከል አያቶቻቸው ከጎንደርና ከትግራይ ደጋ የሄዱ፣ አሽዶድ፣ አሽቀሎንና ናታንያ በመሳሰሉ የባሕር ከተሞች ያደጉ ወጣቶች ይገኛሉ። ባሕር በሌለበት ተራራ ላይ የኖረ ቤተሰብ በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ የባሕር ጎረቤት ሆኗል። በካሊፎርኒያ፣ በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንም እንዲሁ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስፖርቱን ለማወደስ አይደለም። የባሕር ዳር ሞገድ ሳይንስ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ከሚያስተምረን ብዙም የማይርቅ፣ ነገር ግን በአማርኛ በበቂ ሁኔታ ያልተጻፈ፣ አለመጻፉም የሰው ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን እምነቴን ለአንባቢ ለማስረዳት አስቀድሜ ትንበያው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ምን እንደሚሉ፣ ቀጥሎም ምን እንደማይሉ አቀርባለሁ።

ሞገድ የሚያጓጉዘው ምንድን ነው?

ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ወደ ዳርቻ የሚመጣውን ሞገድ የሚያይ ሰው ውኃው ራሱ እየተጓዘ የመጣ ይመስለዋል። በጥልቅ ባሕር ውስጥ ግን የሚጓዘው ጉልበቱ እንጂ ውኃው አይደለም። በውኃው ላይ የተንሳፈፈ የቡሽ ክዳን ሞገዱ ሲያልፍበት ወደ ላይና ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ታችና ወደ ኋላ ክብ ሠርቶ ከሞላ ጎደል ወደነበረበት ይመለሳል። አንድ ተማሪ የገመድ ጫፍ ይዞ ሲያወዛውዝ ሞገዱ እስከ ሌላኛው ጫፍ እንደሚደርስና ገመዱ ግን ከቦታው እንደማይለቅ ሁሉ ማለት ነው።

ይህን ጉልበት ለውኃው የሚሰጠው ነፋስ ሲሆን፣ የሚሰጠውም መጠን በሦስት ነገሮች ይወሰናል። እነርሱም የነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ የቆየበት ጊዜ እና ነፋሱ ያለ መሰናክል በውኃ ላይ የሮጠበት ርቀት ናቸው። የሜዲትራንያን ባሕር ምሥራቃዊ ጠረፍ ዕድሉ የተወሰነው በሦስተኛው ነው። ከሲሲሊ እስከ ቴል አቪቭ ያለው የውኃ ርቀት ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ትንሽ ባይሆንም ከታላላቆቹ ውቅያኖሶች ጋር አይወዳደርም። ዋልተር ሙንክ የተባለው ታዋቂ የውቅያኖስ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ባካሄደው ጥናት በአንታርክቲካ አቅራቢያ የተወለዱ ሞገዶች ሰላማዊ ውቅያኖስን አቋርጠው እስከ አላስካ ድረስ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዙ ተከታትሏቸዋል። በሜዲትራንያን ያለ ሞገድ ይህን ያህል ለማደግም ሆነ ለመጓዝ ሥፍራ የለውም።

በዚህም ምክንያት በቴል አቪቭ የተለመደው ሞገድ አጭር ዑደት ያለው ነው። በክረምት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት፣ በቆጵሮስ ደሴት አካባቢ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሲያልፍ ብርቱ የምዕራብ ነፋስ ያስነሣና ትልልቅ ሞገዶችን ያመጣል። በበጋ ደግሞ መሬቱ ከባሕሩ ይልቅ ቀድሞ ስለሚሞቅ በየዕለቱ ከቀትር በኋላ የባሕር ነፋስ ይነሣል፤ እርሱም ትንንሽና የተዘበራረቁ ሞገዶችን ይፈጥራል። በሁለቱ ወቅቶች መካከል ባሕሩ ለቀናት እንደ ሐይቅ ጸጥ ሊል ይችላል። የዚያ አገር ሰርፈኛ ዋነኛ ሥራው መጠበቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፍታው ብቻውን አይበቃም

በትንበያው ውስጥ የሰው ዓይን ፈጥኖ የሚያርፈው በከፍታው ላይ ነው። ይሁን እንጂ «1 ሜትር» የሚለው ቁጥር የእያንዳንዱ ሞገድ ከፍታ አይደለም። በውቅያኖስ ሳይንስ ልማድ ይህ ቁጥር በአንድ የጊዜ ክልል ውስጥ ካለፉት ሞገዶች መካከል ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት አማካይ ከፍታ ነው። ልማዱ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሙንክና መምህሩ ሃራልድ ስቬርድሩፕ ወታደሮችን ለሚያራግፉ ጀልባዎች የሞገድ ትንበያ በሠሩበት ጊዜ ነው። ከዚህ አማካይ የሚበልጡ ሞገዶች መኖራቸው የግድ ሲሆን፣ ለሰዓታት ለቆየ ሰው ከቁጥሩ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሞገድ መምጣቱ የሚያስገርም አይደለም። እንግዲያው «1 ሜትር» ተብሎ በተተነበየበት ቀን ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ሞገድ ሲመጣ ትንበያው ተሳስቷል ማለት አይደለም። የተሳሳተው ቁጥሩን ያነበብንበት መንገድ ነው።

ከከፍታው የበለጠ የሚዘነጋው ዑደቱ ነው። ዑደት ማለት የአንዱ ሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ የሚቀጥለው ጫፍ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። በጥልቅ ውኃ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት በሜትር ሲለካ የዑደቱ ካሬ በ1.56 ተባዝቶ የሚገኘው ውጤት ነው። ስለዚህ የ6 ሴኮንድ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 56 ሜትር ሲሆን፣ የ10 ሴኮንድ ሞገድ ግን ወደ 156 ሜትር ይደርሳል። ሞገድ የባሕሩን ወለል መንካት የሚጀምረው ጥልቀቱ ከርዝመቱ ግማሽ ሲያንስ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው በ28 ሜትር፣ ሁለተኛው ደግሞ በ78 ሜትር ጥልቀት ላይ የወለሉን ቅርጽ ማወቅ ይጀምራል። ረጅም ዑደት ያለው ሞገድ ከሩቅ ጀምሮ በወለሉ ቅርጽ እየታጠፈ፣ ጉልበቱን በአንዳንድ ሥፍራ እየሰበሰበ፣ በሌላው ደግሞ እየበተነ ይመጣል። ብርሃን በምስሪት ውስጥ ሲያልፍ የሚደርስበት ስብረት በሞገድም ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

የጉልበቱንም ስሌት እንመልከት። አንድ ሞገድ በእያንዳንዱ የጠረፍ ሜትር ላይ የሚያደርሰው ኃይል በኪሎ ዋት ሲገመት የከፍታው ካሬ በዑደቱ ተባዝቶ ለሁለት የሚካፈለው ያህል ነው። ከፍታው 2 ሜትር፣ ዑደቱ 5 ሴኮንድ የሆነ ሞገድ በሜትር 10 ኪሎ ዋት ገደማ ያደርሳል። ከፍታው ያው 2 ሜትር ሆኖ ዑደቱ 10 ሴኮንድ ቢሆን ኃይሉ 20 ኪሎ ዋት ይሆናል። በከፍታ እኩል የሆኑ ሁለት ቀናት በኃይል አንዱ የሌላው እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ አያስፈልግም።

ውሳኔው የአሸዋው ነው

የሞገድ መስበሪያ ሥፍራዎች ባሕርይ እንደ ወለላቸው ይለያያል። በዓለት ወይም በኮራል ላይ የሚሰበር ሞገድ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ቦታ ይሰበራል። በአሸዋ ላይ የሚሰበረው ግን እንዲህ አይደለም። ከዳርቻው ጥቂት አሥር ሜትሮች ራቅ ብሎ በውኃ ውስጥ የተከመረ የአሸዋ ጉብታ ይኖራል። አንድ ሞገድ የሚሰበረው የውኃው ጥልቀት ከሞገዱ ከፍታ ወደ 1.3 እጥፍ ሲወርድ ስለሆነ፣ 1 ሜትር ሞገድ 1.3 ሜትር ገደማ በሆነ ጥልቀት ላይ ይፈርሳል። ጉብታው ከፍ ባለበት ሞገዱ ቀድሞ፣ ዝቅ ባለበት ዘግይቶ ይሰበራል። ሰርፈኛው የሚፈልገው ሞገዱ በአንድ ጊዜ ሁሉ ሳይወድቅ ከአንድ ጎን ጀምሮ ቀስ በቀስ እየተጠቀለለ እንዲሄድ ነው፤ ይህም የሚሆነው ጉብታው ከሞገዱ ጋር ሰያፍ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው።

ጉብታው ግን አይረጋም። አንድ የክረምት ወጀብ በአንድ ሌሊት ሊያፈርሰውና አሸዋውን ወደ ጥልቁ ሊወስደው፣ የቀጣዮቹ ሳምንታት ለስላሳ ሞገዶች ደግሞ መልሰው ወደ ዳር ሊገፉት ይችላሉ። በቴል አቪቭ ጠረፍ ፊት ለፊት ከዳርቻው ጋር ትይዩ የሆኑ የድንጋይ መከላከያ ግንቦች ስለተሠሩ አሸዋው ከግንቦቹ ጀርባ እየተከመረ የዳርቻውን መስመር አጣምሞታል። በግንቦቹ መካከል ባሉት ክፍተቶች ደግሞ ውኃው በሌላ መንገድ ይመላለሳል። በዚያ ባሕር የማዕበል ዕርገትና ምልሰት ከግማሽ ሜትር ስለማይበልጥ፣ በሌሎች አገሮች ሰርፈኞች እንደሚያደርጉት የውኃውን ከፍታ ሰዓት እየጠበቁ ጥሩውን ጊዜ መምረጥ እዚያ ብዙም አይጠቅምም።

ነፋሱም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ነፋስ ሞገዱን ከጀርባው ገፍቶ ያለ ጊዜው ያፈርሰዋል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ ግን የሞገዱን ፊት ደግፎ ያቆመዋል፤ ገጹንም ያለሰልሰዋል። ስለዚህ በዚያ ጠረፍ ተወዳጁ ጊዜ ወጀቡ ካለፈ በኋላ ያለው ማለዳ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ቀስ ብሎ ይነፍሳል፤ ወጀቡ የላካቸው ሞገዶች ግን ገና እየደረሱ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ለሰርፈኛው ምርጥ የሆነው ይህ ማለዳ ለዋና ለሚገባው እንግዳ ከቀናት ሁሉ አታላዩ ነው። ወጀብ በሚነፍስበት ቀን ማንም አስተዋይ ሰው ባሕር አይገባም። ፀሐይ በወጣበት፣ ነፋሱ በበረደበት፣ የውኃው ገጽ እንደ መስታወት በተወለወለበት ቀን ግን ማን ይጠረጥራል? በትንበያ ላይ «ጥሩ ቀን» የሚለው ምልክት የተጻፈው ሰሌዳ ላለው ሰው ነው። ዋና ለማይችለው ሰው ትርጉሙ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

የአሸዋው የትውልድ አገር

የዚያ ጠረፍ አሸዋ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። የምሥራቅ ሜዲትራንያን የባሕር ዳርቻ አሸዋ በአብዛኛው የዓባይ ወንዝ ልጅ ነው። ወንዙ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ወደ ባሕር ያወረደውን አሸዋ ሞገድና የዳርቻ ጅረት እየገፉ በሲና ጠረፍ በኩል ወደ ሰሜን እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ አድርሰውታል። ወንዙ ከሚሸከመው ደለል አብዛኛው የሚመነጨውም ከጥቁር ዓባይና ከአትባራ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ቀላሉና ደቃቁ ጭቃ በባሕሩ ጥልቅ ውስጥ ሲሰጥም፣ ከበድ ያለው የአሸዋ ቅንጣት በዳርቻው ቀርቷል።

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ይህ ጉዞ ተቋርጧል። ደለሉ በናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ የዓባይ አፍ የሆኑት የረሺድና የደምያት ጠረፎችም በሞገድ እየተበሉ ወደ ኋላ ሸሽተዋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከአስዋን በላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ በባሕሩ ዳር ለሚታየው የአሸዋ እጥረት መነሻ ሊባል አይችልም፤ እጥረቱ የጀመረው ከእርሱ በፊት በግማሽ ምዕተ ዓመት ነውና። ዛሬ በቴል አቪቭና በአሽዶድ መካከል ያለው አሸዋ የቀድሞ ዘመን ቅሪት ነው። በዚያ ላይ የወደብ ግንቦች መንገዱን ሲዘጉበት ከግንቡ ደቡብ ይከማቻል፤ ከሰሜን ያለው ዳርቻ ደግሞ ይራባል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 የተነሣ ኃይለኛ ወጀብ በአሽቀሎን የጠረፉን ገደል አፍርሶ ከውስጡ የሮማውያን ዘመን ሐውልት እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር።

ከደጋው ተሸርሽሮ የወረደ አፈር ለሩቅ አገር ሰው መዋኛና መጫወቻ ሆነ ብሎ መቆጨት ይቻል ይሆናል። ለእኔ ግን ጉዳዩ የሚያሳየው «ባሕር የለንምና ባሕር አይመለከተንም» የሚለው አባባል በሳይንስ ዓይን ሲታይ መሠረት የሌለው መሆኑን ነው።

ስም ያልተሰጠው አደጋ

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በአሸዋማ ዳርቻ ላይ ሞገዶች ጉብታውን አልፈው ሲሰበሩ ውኃውን ወደ ዳር ይገፉታል። በጉብታውና በዳርቻው መካከል ያለው የውኃ ከፍታ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ውኃ መመለስ ስላለበት ዝቅ ያለውን መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ጉብታው በተሰነጠቀበት ሥፍራ ወይም በድንጋይ ግንብ ጥግ ነው። በዚያ በኩል ተሰብስቦ እንደ ጠባብ ወንዝ ወደ ባሕሩ ይሮጣል። ፍራንሲስ ሼፐርድ የተባለው አሜሪካዊ የባሕር ሥነ ምድር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1936 ይህ ጅረት በእንግሊዝኛ በትክክለኛ ስሙ እንዲጠራ ሐሳብ አቅርቧል፤ የሐሳቡም ምክንያት ሕዝቡ «ወደ ታች የሚጎትት ውኃ» እያለ በስህተት ይጠራው ስለነበር ነው። በዚያ ቋንቋ ዛሬ ሪፕ ይባላል።

የጅረቱ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ሞገዱ ብርቱ በሆነበት ቀን እስከ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በ1,500 ሜትር ነፃ ቀዘፋ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘ ዋናተኛ አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.7 ሜትር ገደማ ነው። ተራ ሰው ከዚህ ሲሶውን እንኳ ለረጅም ጊዜ መያዝ ያዳግተዋል። በመሆኑም ጅረቱን ፊት ለፊት ተቃውሞ ወደ ዳር ለመመለስ የሚታገል ሰው በጉልበቱ ቢመካም ይደክማል። የሚሞተውም ጅረቱ ወደ ታች ስለጎተተው ሳይሆን ስለደከመና ስለደነገጠ ነው።

ከሁሉ የከፋው መልኩ ነው። ሞገድ የሚሰበረው ጥልቀት ባነሰበት ስለሆነ ጅረቱ በሚያልፍበት ጠለቅ ያለ መንገድ ላይ ሞገዱ አይሰበርም። ግራና ቀኙ በነጭ አረፋ ሲናወጥ መካከሉ ጠቆር ያለና የተረጋጋ ይመስላል። ባሕር የማያውቅ እናት ልጇን ይዛ ለመግባት የምትመርጠው የትኛውን ሥፍራ ነው? ያለ ጥርጥር ጸጥ ያለውን ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ሮብ ብራንደር ጉዳት የሌለው ቀለም በዚህ ጅረት ውስጥ እየጨመረ ውኃው እንዴት ወደ ባሕር እንደሚሮጥ ለሕዝብ የሚያሳየው ስለዚህ ነው። ዓይን ያላየውን ጆሮ ለማመን ይቸገራልና።

ሰርፈኛው ይህንኑ ጅረት ይፈልገዋል። ሰሌዳው ላይ ተኝቶ በጅረቱ ውስጥ ገብቶ ያለ ብዙ ድካም ከሞገዶቹ ጀርባ ይደርሳል። አንዱን የሚያሰጥመው ጅረት ሌላውን ያሳፍራል። በሁለቱ ሰዎች መካከል የዋና ችሎታና የሰሌዳ ልዩነት መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ልዩነት ውኃው ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅና አለማወቅ ነው።

ለዚህ ጅረት በአማርኛ የረጋ ስም የለንም። «ማዕበል ወሰደው» እንላለን፤ ማዕበል ግን ወደ ዳር ይገፋል እንጂ ወደ ባሕር አይወስድም። «ውኃው ጎተተው» እንላለን፤ ሰሚውም ወደ ታች መጎተትን ይረዳል። «መላሽ ጅረት» የሚል ስም ውኃው ወደመጣበት መመለሱን ስለሚገልጽ ለሳይንሱ ይቀርባል፤ ይሁን እንጂ ሰሚው ሰውን ወደ የብስ የሚመልስ ነው ብሎ ቢረዳው ጥፋቱ የከፋ ይሆናል። እኔ «ወሳጅ ጅረት» ቢባል እመርጣለሁ። ስሙ አቅጣጫውን ይናገራል፤ ያስጠነቅቃልም። የተሻለ ያለው ያቅርብ። ስም የሌለውን አደጋ ግን ለልጅ ማስጠንቀቅ አይቻልም።

ስሙ ከተገኘ ምክሩ አጭር ነው። ወሳጅ ጅረት ውስጥ የገባ ሰው በመጀመሪያ ከመታገል ይቆጠብ፤ በጀርባው ተንሳፍፎ ትንፋሹን ይሰብስብ፤ እጁን አንሥቶ እርዳታ ይጥራ። መዋኘት የሚችል ከሆነ ወደ ዳር ሳይሆን ከዳርቻው ጋር ትይዩ፣ ነጭ አረፋ ወደሚታይበት አቅጣጫ ይዋኝ፤ አረፋው ጥልቀቱ ያነሰበትን ሥፍራ ያሳያልና። ከዚያም ሞገዶቹ ወደ ዳር ይገፉታል። ተመራማሪዎች በውኃ ላይ ተንሳፋፊ የመገኛ መሣሪያዎችን ለቀው ባደረጉት ጥናት ብዙዎቹ ጅረቶች ክብ ሠርተው ወደ ጉብታው እንደሚመለሱ፣ አንዳንዶቹ ግን ርቀው እንደሚወጡ ተረድተዋል። ስለዚህ ለሁሉም ጊዜ የሚሠራ አንድ መላ የለም፤ ራስን ማንሳፈፍና አለመደንገጥ ግን በሁሉም ጊዜ ይጠቅማል። ሌላውን ለማዳን ባዶ እጁን ዘሎ የሚገባ ሰው ራሱ የሚሰጥምበት አጋጣሚ ብዙ ነውና፣ የሚንሳፈፍ ነገር መወርወርና ነፍስ አድን ሠራተኛ መጥራት ይቀድማል። ዋና የማይችል ሰው ደግሞ ነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ሥፍራና ሰዓት ባይገባ ይመረጣል።

«ባሕር ለሌለው አገር ምን ይጠቅመዋል?»

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበው ተቃውሞ ግልጽ ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። የንጹሕ ውኃ፣ የወባና የአፈር መሸርሸር ጉዳይ እያለ የሳይንስ መምህራን ጊዜያቸውን በሩቅ አገር መዝናኛ ላይ ማጥፋታቸው ቅንጦት አይደለምን? ተቃውሞው ከቅን ልቡና የመጣ ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ሞገድ የባሕር ብቻ ንብረት አይደለም። በጣና ሐይቅ ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ውኃው እንደሚናወጥ ከአባቱ ተምሯል። ነፋሱ የሚሮጥበት ርቀት አጭር በመሆኑ ሞገዱም አጭርና ተከታታይ ይሆናል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። በላንጋኖና በሐዋሳ ሐይቆች ለሚዋኝም ሰው ይኸው ሕግ ይሠራል።

ሁለተኛው መልስ ሰዎቻችንን የሚመለከት ነው። ዕውቀት የሚያስፈልገው አገሩ ባለበት ብቻ ሳይሆን ሰዎቹ በሚደርሱበትም ነው። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለኑሮ ከደጋ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ወጣት በሄደበት አገር የተወለደ እኩያው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከወላጆቹ የሰማውን አልሰማም። በዳርቻው የተተከለውን ምልክት ቋንቋውን ካላወቀ አያነበውም፤ ቢያነበውም ነገሩን ካልተማረው አይገባውም። ወላጆቹም ሊነግሩት አይችሉም፤ እነርሱም አልሰሙትምና። እንዲህ ያለውን ክፍተት መሙላት የሚችለው በእናት ቋንቋ የተጻፈ ሳይንስ ነው።

ሦስተኛው መልስ ትምህርትን ይመለከታል። ተማሪዎቻችን የሞገድን ፍጥነት፣ ርዝመትና ድግግሞሽ የሚያዛምደውን ቀመር በቃላቸው ይወጡታል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምሳሌው የተወጠረ ገመድና ያልተጠቀሰ ውኃ ነው። የ5 ሴኮንድና የ10 ሴኮንድ ሞገድን አነጻጽረው፣ አንዱ ለምን የሌላውን እጥፍ ኃይል እንደሚይዝ አስልተው፣ ከዚያም በየትኛው ቀን ወደ ባሕር መግባት እንደሚያሰጋ እንዲፈርዱ ቢደረግ ቀመሩ በአእምሯቸው ውስጥ ሥፍራ ያገኛል። ከእውነተኛ ውሳኔ ጋር የተገናኘ ቀመር አይረሳም።

ምን ይደረግ?

የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የፊዚክስና የሥነ ምድር መምህራን በየትምህርት ክፍላቸው ስለ ሞገድ ሲያስተምሩ የባሕር ዳር ምሳሌዎችን ያስገቡ። በአንድ ሰፊ ሣህን ውኃና ጥቂት አሸዋ የሞገድን ስብረትና መሰበር በቤተ ሙከራ ማሳየት ይቻላል። የቋንቋና የሳይንስ ምሁራን ተገናኝተው ለዑደት፣ ለአሸዋ ጉብታና ለወሳጅ ጅረት የጋራ ስያሜ ይስጡ። እንዲህ ዓይነት መጽሔቶች ደግሞ በአንድ ገጽ ሥዕል፣ ጅረቱ ከዳር ሲታይ ምን እንደሚመስልና የገባበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት በአማርኛ ያሳትሙ። በውጭ አገር የሚገኙ ማኅበሮቻችንና ቤተ እምነቶቻችንም ይህንኑ ገጽ ቢያባዙት ከበጋ ሽርሽር በፊት ለብዙ ቤተሰብ ይደርሳል።

ሳይንስን ለሕዝብ ማቅረብ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ከዋክብትና ስለ አቶም መጻፍን ነው። ያም መልካም ነው። ሆኖም ሳይንስ ለሕዝብ ደረሰ የሚባለው አንዲት እናት በማታውቀው ባሕር ዳር ቆማ ጸጥ ያለውን ጥቁር ውኃ አይታ፣ ልጇን ይዛ ነጭ አረፋ ወዳለበት፣ ነፍስ አድን ሠራተኛው ወደቆመበት ሥፍራ ስትሄድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልጋት ዕውቀት በአሥር ዐረፍተ ነገር ሊጻፍ ይችላል። እስካሁን በቋንቋዋ በሚገባ አለመጻፉ የባሕሩ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ ነው።